ላሟ የምታውቀው ቋንቋ

አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ቀራንዮ
ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለግቢው ባለቤት ለኤቢሴ፤

እንደምን ከረምሽ? እማማ ደሜስ ወገባቸውን ተሻላቸው? እኔ ደህና ነኝ። ይህን የምልሽ ለደብዳቤ ወግ ብዬ አይደለም፤ የምሬን ነው። ቡሬ ደህና ናት፣ ውሾቹ ደህና ናቸው፣ ዶሮዎቹ አሥራ አራት ደርሰዋል፣ በረቱንም በአዲስ ቆርቆሮ ከድኜዋለሁ። ስልክ ስደውል አታነሺም፤ ስታነሺም የጀልዱ ኔትወርክ «ሃሎ ሃሎ» አሰኝቶን ይቆረጣል። ሌሊሴን «እስቲ እናትሽን አናግሪልኝ» ብላት «አባዬ፣ አፍ የለህም እንዴ? ራስህ ንገራት!» ብላ ዘጋችብኝ። ያንቺው ልጅ ናት፣ ምን ይደረግ! ስለዚህ የወንድምሽ ልጅ ገሜዳ ሐሙስ ድንች ጭኖ አስኮ ሲመጣ ይህን ወረቀት አስይዘዋለሁ። ከብሔራዊ ውትድርና ወዲህ ደብዳቤ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ፊደሌ ቢወላገድ አትሳቂ።

ትልቁን ዜና ላስቀድም። ቡሬ ወለደች! ሴት ጥጃ! ግንባሯ ላይ ነጭ ነጥብ ያላት፣ እግሯ ረዘም ያለ፣ ሰው ሁሉ እያየ የሚቀናባት ጥጃ። አዋላጁ ደግሞ ማን እንደሆነ ገምቺ። እኔ በርጋ! ዕድሜዬን ሙሉ አየር ጤና ጋራዥ ውስጥ ብረት ስበይድ የኖርኩት ሰውዬ።

ግን ከሥሩ ካልነገርኩሽ አይገባሽም።

አንቺ «እናቴን አሟታል፣ ላስታምማት» ብለሽ ነው የሄድሽው። ጎረቤት ሲጠይቀኝም እንደዚያው ነው የምለው። እኔና አንቺ ግን የገናውን ነገር እናውቃለን። እማማ ደሜ ከማዕዱ ላይ ተነሥተው፣ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ በኦሮምኛ ረጅም ነገር ተናገሩ። ባለሱቁ ሀያቱ «ምን እያሉ ነው ጋሽ በርጋ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም አፌን የሚይዝልኝ አጣሁና «እኔ ምን አውቄ! ይህን ቋንቋ ላሟ ናት የምታውቀው፤ እሷን ጠይቋት» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ያልሳቅሽው አንቺ ብቻ ነበርሽ፤ ሰው በልቶ ሳይጨርስ ሳህን መሰብሰብ ጀመርሽ። እናትሽ አማርኛ አይሰሙም ብዬ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሻንጣቸውን ይዘው ሲወጡ ግን «ላሟን ደህና ሁኚ በልልኝ» አሉኝ፤ ጥርት ባለ አማርኛ። አንቺም ሳምንት ሳይሞላ ተከተልሻቸው።

ያ ቀልድ እውነት ሆኖ እኔው ላይ መጣ፣ ኤቢሴ።

መጀመሪያ ያዋረደኝ ኮሚቴ ነው። መቼም ውሻሽን ታውቂዋለሽ፤ በሁሉም ነገር ላይ አስተያየት ሳይሰጥ አያልፍም። ምግቡን ይዤ ስወጣ ዘሎ ሳህኑን ከእጄ ያስጥለኛል። «ቁጭ በል! ቁጭ በል!» እላለሁ፤ ጭራሽ ይብስበታል። ስምንት ዓመት ሙሉ ደደብ ውሻ ነው ስልሽ ነበር። አንድ ቀን ጎረቤታችን ጋሽ ጉተማ ከዘራቸውን ይዘው በአጥሩ ሲያልፉ ትርምሳችንን አዩና ቆሙ። ከዚያ ቀስ ብለው «ታኢ» አሉት። ቁጭ! አሮጌው ውሻችን ቦቢ ሳይቀር፣ እሱ ማንም ሳያዝዘው፣ ማዶ ቁጭ አለ።

«ምን አድርገውበት ነው?» አልኳቸው።

«ቁጭ በል አልኩት። ኤቢሴ ያሳደገችው ውሻ አይደል? በምን ቋንቋ ይስማህ ታዲያ!»

ለካ ስምንት ዓመት ደደብ ስለው የኖርኩት ውሻ በአንድ ቋንቋ ይበልጠኛል።

ከዚያ ነው የቡሬ ምጥ የመጣው። የካቲት አሥር ቀን፣ ሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ። ለከብት ሐኪሙ ብደውልለት «መንገድ ላይ ነኝ፣ አየር ጤና ጋ ተዘጋግቷል» ይለኛል። ጋሽ ጉተማ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። ሁለት እግሮች ብቅ አሉ፣ የጥጃዋም አፍንጫ ታየኝ፣ ከዚያ ነገሩ ቆመ። ቡሬ ተኝታ አንገቷን አዙራ ታየኛለች። ሰው ብትሆን «ኤቢሴ የት አለች?» እንደምትለኝ እርግጠኛ ነኝ። ምን እንደምላት ጨነቀኝ። ያኔ ሌሊሴ ለፈተና የወጣች ዕለት በር ላይ ቆመሽ ያልሻት ቃል ትዝ አለኝ፤ «ጀባዱ»። «በርቺ» ማለት መሆኑን ያኔ በወጉ አላውቅም ነበር። ደግ ቃል መሆኑን ግን ከድምፅሽ አውቄዋለሁ። ጭቃው ውስጥ ተንበርክኬ፣ «ጀባዱ ቡሬ፣ ጀባዱ» እያልኩ፣ ስታምጥ አብሬ ስስብ፣ ስታርፍ አብሬ ሳርፍ፣ ጥጃዋ ዱብ አለች። አፍንጫዋን ጠርጌ በድርቆሽ አሸኋት። እናትየው ተነሥታ መላስ ስትጀምር እንባዬ መጣ። ላብ ነው ብዬ ጠረግኩት፤ ማንም ሳያየኝ ለማን እንደዋሸሁ እንጃ። ሐኪሙ ሲደርስ ጥጃዋ ቆማ እንገሯን እየጠባች ነበር። «ማን ነው ያዋለዳት?» አለኝ። ደረቴን ነፍቼ ነገርኩት።

ኩራቴ ግን እስከ አለባው ድረስ ብቻ ነበር። ወተቷን ያዘችብኝ! ባልዲውን ሦስት ቀን በተከታታይ በርግጫ ብላ ገለበጠችው። ፉርሽካ ሰጠኋት፣ ፋጉሎ ጨመርኩላት፣ ወይ ፍንክች። በሽታው ናፍቆትሽ ከሆነ ብዬ ጥቁሩን ሽርጥሽን ታጥቄ ገባሁ። የሀያቱ ሚስት ሲሃም ወተት ልትቀዳ መጥታ በዚያ ሽርጥ አየችኝ፤ እስክትታመም ሳቀች። ቡሬም አልተታለለች። በመጨረሻ ጋሽ ጉተማ ዱካ ላይ ተቀምጠው «በዝምታ እኮ ነው የምታልባት። አናግራት እንጂ! ሱታ በላት» አሉኝ። ቀስ፣ ረጋ በይ ማለት ነው አሉ። አፌ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር። «ሱታ... ሱታ...» ስል ጆሮዋን ወደ ኋላ መለስ አደረገች፤ ከዚያ ትንሽ ቆይታ ለቀቀችው። የወተቱ ድምፅ ባልዲው ውስጥ ሲሰማኝ የተደሰትኩትን ያህል ልጅ ሆኜ የመጀመሪያ ደመወዜን የተቀበልኩበት ቀን እንኳን አልተደሰትኩም።

አሁን ጠዋት ሰባት፣ ማታ አምስት ሊትር ትታለባለች። ሁዳዴና ረመዳን ዘንድሮ አንድ ላይ ስለዋሉ እኛ ባንቀምሰውም የሀያቱ ሰፈር ለማፍጠሪያው ወተቱን ተሻምቶበታል። «የጋሽ በርጋ ወተት» ነው የሚሉት። እኔ «የኤቢሴ ወተት» ብዬ አርሜያቸዋለሁ።

ማታ ማታ በረት ውስጥ ተቀምጬ አንድ ነገር ሳስብ ቆየሁ። በዚህ ግቢ ውስጥ ቋንቋ የማያውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሃያ ስድስት ዓመት አፍሽን በፈታሽበት ቋንቋ የምታወሪው ከላም፣ ከውሻና ከዶሮ ጋር ነበር። ከእኔ ጋር ሁልጊዜ በእኔ። ደክሞሽም በእኔ፣ ተናደሽም በእኔ፣ ወንድምሽ የሞተ ዕለት እንኳን እያለቀስሽ በእኔ ቋንቋ ነበር የነገርሽኝ። አንድም ቀን እስቲ በራስሽ ንገሪኝ አላልኩሽም። ይህን ስጽፍ አፈርኩ፤ ባልጽፈው ደግሞ የባሰ አፍራለሁ።

የቀረውን ልንገርሽ። ባለፈው ሳምንት ከወረዳው የከተማ ግብርና ሰዎች ግቢያችንን አርአያ ብለው መርጠው ሊያዩ መጡ። ሀያቱም፣ ሲሃምም፣ ገና ዕለት የነበሩት ጎረቤቶች በሙሉ ተሰብስበዋል። በረቱን ጠርጌ፣ ውሾቹን አጥቤ፣ ኮቴን ለብሼ ቆሜያለሁ። አንደኛዋ ልጅ የቡሬን የክትባት ካርድ ተቀብላ ጮክ ብላ አነበበች፦ «የላሟ ስም፦ ገሊ።»

ጋሽ ጉተማ ከዘራቸው እስኪወድቅ ሳቁ። «ማነው ላምን ‹ወደ ቤት ግቢ› ብሎ ያስመዘገበ?»

እኔ ነኛ! የዛሬ ሦስት ዓመት እኔ አይደለሁ ያስከተብኳት? አንቺ አመሻሹ ላይ በሩን ከፍተሽ ወደ ሜዳው «ገሊ! ገሊ!» ስትያት እየሰማሁ የቁልምጫ ስሟ መስሎኝ ነው። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ እኔም እንደዚያው እጠራታለሁ፤ ትገባለች፤ ስሟን ስለጠራሁ ይመስለኛል። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ሀያቱ «ጋሽ በርጋ፣ ላሟን ቢጠይቋት ኖሮ ትነግርዎት ነበር» አለኝ። ይገባኛል። አብሬያቸው ሳቅሁ፤ ገና ላይ የዘራሁትን ነው ያጨድኩት።

የምስክር ወረቀት ሊጽፉልኝ ስም ሲጠይቁኝ «መጀመሪያ ወይዘሮ ኤቢሴ ብላችሁ ጻፉ» አልኩ። ስምሽ ከላይ፣ ስሜ ከታች ሆኖ ሳሎን ተሰቅሏል። ያለ ማጋነን ቤቱ ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ እሱ ያምራል።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ጋሽ ጉተማን ብቻቸውን ያዝኳቸው። እማማ ደሜ ገና ዕለት ከተናገሩት ጆሮዬ ላይ የቀረው የመጨረሻው ብቻ ነበር፤ «ሃ ጉቱ፣ ሃ ጉቱ» ሲሉ። እኔማ የእሳቸውን ስም የጠሩ መስሎኝ ነበር፤ ጉተማ ለማለት። ጠየቅኳቸው። ሳቃቸውን ተዉ።

«ይሙላ ማለት ነው፣ በርጋ። ቤታችሁ ይሙላ፣ በረታችሁ ይሙላ። እየመረቁህ ነበር እኮ።»

እየመረቁኝ ነበር፣ ኤቢሴ። ጥጃዋ የመጣችው በዚያ ምርቃት ነው። እኔ ደግሞ በሰው ፊት አሳቅሁባቸው። ሌላውን ሁሉ በቀልድ አልፌዋለሁ፤ ይህን ግን በቀልድ አላልፈውም። አጥፍቻለሁ። እሳቸውንም በድያለሁ፣ አንቺንም በድያለሁ።

ይቅርታውን በወረቀት ልኬ አልገላገልም። ጥጃይቱ የእማማ ደሜ ናት፤ ስሟን የሚያወጡላት እሳቸው ናቸው። ጡት እንደጣለች በገሜዳ መኪና ጭኜ፣ ራሴ ይዣት ጀልዱ እመጣለሁ። እዚያ ስደርስ የምላቸውን ነገር ጋሽ ጉተማ ማታ ማታ ያስጠኑኛል። አስቸጋሪ ተማሪ ነህ ይሉኛል፤ ኮሚቴ ግን ስናገር ጆሮውን አቁሞ ይሰማኛል፤ እሱ ከሰማ እሳቸውም መስማታቸው አይቀርም።

እሳቸው ወገባቸው እስኪሻላቸው እዚያው አስታሚያቸው። ቶሎ ነይ ቶሎ ነይ አልልም። ፋሲካን ከውሾቹ ጋር ፈሰክሁ፤ ዶሮ ወጡ ጨው በዝቶበት ነበር፤ ቦቢ እንኳን አንድ ጊዜ ቀምሶ ተወው።

እግዚአብሔር እማማ ደሜን ከነሙሉ ጤናቸው ያቆይልን። ያንቺንም እጅ ያለምልመው፤ እዚህ የነካሽው ሁሉ ለምልሟል። ደጃችሁ በእህል፣ በረታችሁ በከብት «ሃ ጉቱ» ብዬ እኔም መርቄያለሁ፤ አፌ ቢኮላተፍም ልቤ አልተኮላተፈም።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ትናንት አመሻሽ ላይ በሩን ከፍቼ ቡሬን ስጠራ ጋሽ ጉተማን «ይህ ቃል ለከብት ብቻ ነው ወይስ ለሰውም ይባላል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ለሰውም ይባላል፤ ለሰው የሚለው ግን በሩን አስቀድሞ መክፈት አለበት» አሉኝ። ቡሬ ገባች። በሩን አልዘጋሁትም።

ባለቤትሽ በርጋ

ይህቺን ማንም ሳያርመኝ ራሴ ነኝ የጻፍኳት፦ ኤቢሴ፣ ገሊ።