ያስጾሙት ቁስል

እምዬ፣ እናቴ፤

ካንቺ ከተለየሁ ይህ ሁለተኛው ክረምት ነው። ከበሩ አጠገብ የተከልሽው ጌሾ ከአጥሩ በላይ ወጥቷል። ታናሽ ወንድሜን ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውታል፤ አባባም ዝምታ አብዝቷል። የቤቱን ወሬ በሰላም ላደርስሽ አስቤ ነበር፤ ንዴቴ ግን ቀደመኝ።

አሁን ጎንደር የነርስነት ትምህርት እማራለሁ። በቅርቡ በቤተ መጻሕፍታችን አንድ የውጭ አገር የሕክምና መጽሔት አነበብኩ። ባሕር ማዶ ያሉ ሐኪሞች ከበሽተኛው ገላ የጥፍር ያህል ጤነኛ ቆዳ ይቆርጣሉ። ቁራጩን በብርጭቆ ሳህን አኑረው፣ ሙቀቱን ጠብቀው፣ ምግቡን እየለወጡ ያሳድጉታል። ሲሰፋ እንደ ስስ ጨርቅ አንሥተው ቁስሉን ያለብሱታል። በብዛት የሞከሩት እሳት ባቃጠላቸው ሰዎች ላይ ነው፤ ከርሞ ለማይድን የእግር ቁስልም ይሆን እንደሆነ እየመረመሩ ነው። ይህ ሕክምና እኛ አገር፣ ደብረ ታቦር፣ መቼ እንደሚደርስ አላውቅም። ያስቆጣኝ ግን መራቁ አይደለም። ያስቆጣኝ አንድ ቃል ነው፦ ይመግቡታል። ቆዳ ካልተመገበ አያድግም። ያንቺን አስጾሙት።

ነጭ ሽንኩርት ስትኮተኩቺ ዶማው ከቁርጭምጭሚትሽ በላይ የጫረሽ ቀን ትዝ ይለኛል። ከቁም ነገርም ሳትቆጥሪው በነጠላሽ ጫፍ ጠርገሽ ሥራሽን ቀጠልሽ። ጭረቱ ሳይድን ሁለት ፋሲካ አለፈ። ያን ጊዜ የነፍስ አባታችን መጡና ቁስሉ የንስሐ ጥሪ ነው አሉ። በፍስክ ቀን እንኳ ወተትና እንቁላል እንዳትቀምሺ፣ በየቀኑም እስከ ማታ እንድትጾሚ ቀኖና ሰጡሽ። በምን ኃጢአት? እርሳቸው አልነገሩሽም፤ አንቺም አልጠየቅሽም። ላማችን ወልዳ ነበር። እያለብሽ ለእኛ ሰጠሽ፤ ለራስሽ አንድ ጉንጭ አልቀመስሽም። ፊትሽ ጎደጎደ፣ የቁስሉ ጠርዝ ገረጣ፣ በመጨረሻም መርዙ ወደ ደምሽ ዘለቀ።

ምግብ ብቻውን ያድንሽ ነበር ብዬ አልዋሽም፤ የተማርኩት ይህን እንድል አይፈቅድልኝም። ገላሽ ራሱን የሚጠግንበትን ነገር እንደ ከለከሉት ግን በእርግጠኝነት እጽፋለሁ። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ራሱ ሕመምተኛን ከጾም ያሳርፋል፤ እርሳቸውም ይህን አጥተውት አይደለም። በተዝካርሽ ቀን፣ ቀበሌው ድግስ ይቅር ቢልም፣ አባባ በሬ አረደ። የነፍስ አባታችን ከመሶቡ ራስ ተቀምጠው ቅቤ የጠጣውን ወጥ አጣጣሙ። ለነፍስሽ ነው አሉ። እምዬ፣ ለሥጋሽ ሲሆን ቅቤው የት ነበር?

አሁን ደግሞ በታናሽ እህትሽ በአክስቴ በትጓደድ መጡ። የፈላ ውሃ የላጠው ባቷ አልድን ብሎ እኛ ቤት ተኝታ ከርማለች። ለእረፍት በመጣሁበት እሑድ ያንኑ ቀኖና ይዘው ገቡ። ተነሥቼ ይህ ቀኖና ሁለተኛ በዚህ ቤት አይሰጥም አልኳቸው። እርሳቸውም ካድሬ ሆነሽ መጣሽ ወይ አሉኝ። ካድሬዎቹ ጾምን ሁሉ ይሳለቁበታል፤ እኔ እጾማለሁ። የምጠላው በታመመ ሰው ላይ የሚጫን ጾም ነው። ይህንኑ ነገርኳቸው፤ አልሰሙኝም። ትጓደድ ግን ከተኛችበት ቀና ብላ፣ «አባ፣ እግሬ ከተቆረጠ ስግደቱን ማን ይሰግድልዎታል?» አለቻቸው። እርሳቸውም መስቀላቸውን ከትተው ወጡ። እርሷም እንቁላል አስቀቅላ በላች። እየፈራች፣ እያለቀሰች በላች፤ ከዚያም ሌላ ጨምሩልኝ አለች።

ባቷ ይዳን አይዳን ገና አልታወቀም። ለእርሷ የደረሰው ላንቺ ባለመድረሱ ግን ቁጣዬ አይበርድም፤ እንዲበርድም አልለምንም። አንቺን የማስታውሰው በድግስ አይደለም። ቁስለኛ በተኛበት ቤት ሁሉ፣ ፋሻውን ከመፍታቴ በፊት፣ ዛሬ ምን በላሽ ብዬ እጠይቃለሁ።

ልጅሽ