ዜሮ የሰጠሁት ድርሰት

ሰኞ

ዛሬም ምንም የለም። ከጠዋት ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ ነኝ። ዓርብ ለመጽሔቱ ጽሑፍ መላክ አለብኝ። የመጡልኝን ርእሶች እንደ ልማዴ በተራ ቁጥር ጻፍኳቸው፦

1. የአምቦ ውሃ። ያልጻፈው ሰው የለም።
2. የጭልሞ ደን። እኔው ራሴ ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ።
3. የእንጭኒ ገበያ። ከሄድኩ ቆይቻለሁ።
4. ጡረታ። ማን ያነበዋል?

አራቱንም ሰረዝኳቸው። ማስተማር ካቆምኩ ወዲህ ሰው ፊት የሚያቆመኝ ይህ ዓምድ ነው። አንዳንዱ መንገድ ላይ አስቁሞኝ ስላነበበው ያጫውተኛል። እሱን ካጣሁ ምን እንደሚቀረኝ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ የመጽሔቱ አዘጋጅ ከአዲስ አበባ ደወለ። ወጣት ነው፣ ጨዋ ልጅ። "ጋሽ ታደሰ፣ የባለፈውን ወር ዓይነት ይላኩልን። እንደዚያ እንደ ድንቹ! አንባቢው እኮ ጉድ ነው ያለው።" እሞክራለሁ አልኩት። ስልኩን ስዘጋ ፊቴ ይግል ነበር። እንደዚያ ያለ ጽሑፍ መጻፍ አልችልም። ምክንያቱን እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ማስፈር ፈራሁ።

ማክሰኞ

እሺ፣ እጽፈዋለሁ።

የድንቹ ጽሑፍ የእኔ አይደለም።

ባለፈው ወርም ሐሳብ አጥቼ ነበር። የቆዩ የተማሪ ድርሰቶች አወጣሁ። ጎጆ ከተማ ማስተማር ከጀመርኩበት ጊዜ አንስቶ በሦስት ክላሴር ለይቼ ነው የማስቀምጣቸው፦ ጥሩ፣ መካከለኛ፣ የተገለበጠ። "የተገለበጠ" ከሚለው ውስጥ የአያንቱን አገኘሁ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ነው ያስተማርኳት፤ ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ነበረች። የአባቷ ድንች በውርጭ ስለተመታበት ጠዋት ነው የጻፈችው። "ማሳው ከሩቅ ሲያዩት የተቀቀለ ይመስላል። አባቴ ብርድም ይቀቅላል እንዴ ብሎ ሳቀ። ያን ቀን ከቤታችን የሳቀው እሱ ብቻ ነበር።"

ቤቷ ኦሮምኛ የምትናገር ልጅ በአማርኛ እንዲህ ልትጽፍ አትችልም አልኩና በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ ሰጠኋት። ከየት ገለበጠችው? አላጣራሁም። በሥራው ጥንቁቅ ነው የምባል ሰው፣ አላጣራሁም።

ባለፈው ወር ራሴን ያታለልኩት እንዲህ ነው፦ እሷም ከሌላ ከወሰደችው የማንም አይደለም። ውሸት። ስገለብጠው የማሳቸውን ስም አየሁ። ያጽናኗቸውን ጎረቤት ስም አየሁ። ያ በየትኛው መጽሐፍ ይገኛል? የእሷ እንደሆነ የዚያን ጊዜ ገባኝ። ከገባኝ በኋላ ነው ስሞቹን የሰረዝኳቸው። "አባቴ" የሚለውን ግን ተውኩት። የእኔ አባት ደሴ ልብስ ሰፊ ነበር። ድንች ተክሎ አያውቅም።

ረቡዕ

አዘጋጁ እንደገና ደወለ። አንዲት የጎጆ አንባቢ ስልኬን ጠይቃው ሰጥቷታል። "አድናቂዎ ናት መሰለኝ" አለ እየሳቀ። ጎጆ ሲል ቆሜ ነበር፤ ተቀመጥኩ።

አሥር ሰዓት ላይ ደወለች።

"ቲቸር፣ አያንቱ ነኝ። አስታወሱኝ?"

"አስታወስኩሽ።"

"ድርሰቴን አነበብኩት። ያኔ ዜሮ ነበር። አሁን ስንት አገኘሁ?"

እንደምንም ይቅርታ አድርጊልኝ አልኩ። "በስልክ?" አለችኝ። "እማዬን እኮ ትምህርት ቤት ድረስ አስጠርተው ነው ሌባ ያሉኝ። እማዬ ዛሬም በሕይወት አለች። ቅዳሜ ይምጡ።"

እውነቷን ነው። እናቷ አማርኛ አይሰሙም፤ እኔም በዚያን ጊዜ ኦሮምኛ አልችልም ነበር። ስለዚህ ልጅቷን መሀላችን አቁሜ የራሷን ክስ አስተረጎምኳት። "ልጅሽ የሰው ጽሑፍ ሰርቃለች ብለሽ ንገሪያት" አልኳት። እናትየው ልጃቸውን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ጉዳዩ አለቀ ብዬ ወደ ክፍል ገባሁ።

ይህን ስጽፍ ብቻዬን ነኝ። ያም ሆኖ ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ።

ሐሙስ

ለአዘጋጁ የሚሆን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጻፍኩ።

የመጀመሪያው "በስህተት" ይላል። ስህተት አልነበረም። ሁለተኛው "መነሻ ሐሳቡን ከተማሪዬ አገኘሁ" ይላል። ተማሪ እንዲህ ቢያመጣልኝ ደብተሩን እመልስለት ነበር። ሦስተኛው ሁለት ገጽ ሆነ፤ ስለ ዕድሜዬና ስለ ዓይኔ ሕመም ነው። ቀደድኩት። አራተኛው ይኸው፦ "ባለፈው ወር በስሜ የወጣው ጽሑፍ የተማሪዬ የአያንቱ ነው። አውቄ ገልብጬዋለሁ። በስሟ ታርሞ ይውጣ።"

ይህ ይበቃል። ግን አልላክሁትም። ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩ፣ አንስቼ አስቀመጥኩ።

ዓርብ

ከቁርስ በፊት በስልክ ላክሁት። ከቁርስ በኋላ ቢሆን ሰበብ እፈልግ ነበር።

አዘጋጁ ወዲያው ደወለ። "ጋሽ ታደሰ፣ ምናለ ዝም ቢሉ? ማንም አላወቀም እኮ!" እሷ ታውቃለች አልኩት። አለቃውን እንደሚያነጋግር ነገረኝ። ድምፁ ተለውጧል። "ጋሽ" ማለቱንም ተወው። ዓምዱ ያበቃለት ይመስለኛል።

ምሳ በላሁ። ከሰኞ ወዲህ ሳህኔን ስጨርስ የመጀመሪያዬ ነው።

ቅዳሜ

ጎጆ ደረስኩ። መንገዱ አንጀት ያላቅቃል፤ ብርዱም ያው ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ለእናቷ የምለውን በኦሮምኛ ስለማመድ ስለነበር አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ የምጸልይ መስሎት ዝም ብሎኛል።

አያንቱ መናኸሪያ ጠበቀችኝ። ትልቅ ሴት ሆናለች፤ የዘር ድንች ትነግዳለች። "ቲቸር፣ አረጁ እኮ!" ብላ ሳቀችብኝ። ወደ ቤታቸው ስንሄድ ግን ቆመች።

"አንድ ነገር አልነገርኩዎትም። ያን ቀን ያሉትን አልተረጎምኩትም።"

"ታዲያ ምን አልሻት?"

"ልጅሽ ጎበዝ ጸሐፊ ናት፣ ከትምህርት እንዳታስቀሪያት ይላል አልኳት። እሷም እስከ ዛሬ የምታውቀው ይህን ነው። አደራ፣ እንዳያፈርሱብኝ። የእኔን ውሸት ዛሬ እውነት ያድርጉልኝ፣ ሌላ ይቅርታ አልፈልግም።"

አዴ ጫልቱ፣ እናቷ፣ ሲያዩኝ ከመደብ ተነሡ። "ባርሲሳ!" አሉ፣ አስተማሪው ማለታቸው ነው፤ እጄንም በሁለት እጃቸው ያዙ። አባትየው ልጅቷን ከትምህርት ሊያስቀር ሲል "አስተማሪው መስክሮላታል" ብለው እንደተከራከሩትና እንደረቱት አጫወቱኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰችው በእርስዎ ነው አሉኝ። በእኔ!

የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋብኝ። አያንቱ መሬት መሬት ታያለች። በተሰባበረ ኦሮምኛዬ ልጅዎ ከእኔ የተሻለች ጸሐፊ ናት፣ በመጽሔት የወጣው ጽሑፍ የእሷ ነው አልኳቸው።

አዴ ጫልቱ ሳቁ። "ጎበዝ መሆኗንማ ያኔ ነግረውኛል እኮ!"

ከዚያ መረቁኝ። ረጅም ምርቃት ነው። ጎንበስ ብዬ እያንዳንዱን ቃል ሰማሁ፣ አንዱም የእኔ አልነበረም። ያኔ ልጃቸውን ሌባ ማለቴን ያልነገርኳቸው ለአያንቱ ብዬ ይሁን ራሴን ለማዳን፣ አሁንም ለይቼ አላወቅኩትም። አዴ ጫልቱ ግን እስከ በር ሲሸኙኝ እጄን አልለቀቁም።