ብረቱ የተማረው እጅ

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ዛሬ ሮቦቱ 640 ጡብ አስቀመጠ። ከተጀመረ ወዲህ ትልቁ ቁጥር ነው።

ሃያ ሰባተኛው የግድግዳ ክፍል አለቀ። አሥራ አምስት ይቀራል። ሁሉም ሲያልቁ በመኪና ተጭነው ይሄዳሉ፤ አዲሱ ቤተ መጻሕፍት ላይ ተገጣጥመው እንደ ማዕበል የሚታጠፍ ግድግዳ ይሆናሉ። ሥራችን የቅብብሎሽ ነው። እኔ ሲሚንቶ እቀባለሁ፣ እሱ ጡብ ያስቀምጣል። እኔ የተረፈውን እጠርጋለሁ፣ እሱ ቀጣዩን ያነሳል። ክንድ ብቻ ነው... ራስ የለው፣ እግር የለው። ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ ስለሚያስተናግደው "ሙሽራው" ይሉታል።

የክሬኑ ሰው ጠዋት ሲገባ "ሙሽራው እንዴት አደረ?" አለኝ። ደህና አልኩት። "ሚዜዋስ?" ስቄ ሲሚንቶዬን አነሳሁ።

ከታላቅ ወንድሜ ከጋሼ ጋር ስሠራ ዝምታ አልነበረም። ወንድሜ ጡብ ባስቀመጠ ቁጥር "በል" ይላል። ለኔ ይሁን ለጡቡ ዛሬም አላውቅም፤ ለኔ ከሆነ "በይ" ማለት ነበረበት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰማሁት። ካልሰማሁት ስምንት ወር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ለጋሼ ደወልኩ። አላነሳም። ሚስቱ አነሳች። "ደህና ነው፣ ጓሮ ነው" አለች። ስምንት ወር ሙሉ ጓሮ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

እንግዶች መጡ። የሮቦቱ ኢንጂነር አስጎበኘቻቸው።

ሮቦቱ እንዴት እንደተማረ ነገረቻቸው። ጋሼ ሦስት ሳምንት ሽቦ የተሰፋበት ጓንት አጥልቆ ጡብ ሲያስቀምጥ፣ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ እንደቀዳ። ከዚያ ክንዱን በዝግታ አንቀሳቀሰችው። ጡቡን አነሳ። ወደ ራሱ ሳበ፣ ክርኑን ወደ ላይ ሰቀለ፣ በውጭ በኩል ዞረ፣ አስቀመጠ። "ይቺን ዙር አያችኋት?" አለች። "ለምን እንደሚያደርጋት አናውቅም። በየጡቡ ሁለት ሰከንድ ትወስድብናለች። ግን የዋናው ግንበኛ ጥበብ ስለሆነች አልነካናትም።"

እንግዶቹ በስልካቸው ቀረጹ። እኔ ሲሚንቶዬን ቀባሁ።

ጥበብ አይደለችም። ስብራት ናት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

እዚህ እንኳን ልጻፈው። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ነው። ሁለተኛ ፎቅ፣ መወጣጫ ላይ። በኔ በኩል የምንቆምበት ሳንቃ አነሰኝ። ጋሼ የወረደ መስሎኝ ከሱ በኩል አንዱን ሳብኩ። አልወረደም ነበር።

ወድቆ የቀኝ እጁ አንጓ ተሰበረ። ጠምሞ ገጠመ። ወደ ውጭ መታጠፍ እምቢ አለ። ለአለቃችን "አዳልጦኝ ነው" አለው። ለኔ ስለ ሳንቃው አንዲት ቃል አልተነፈሰም። አይቶኝ ይሆን? ያኔም አልጠየቅሁም...

ወደ ሥራ በተመለሰ ቀን ያቺን ዙር ጀመረ። አንጓው የማይችለውን በክርኑ ለመድረስ። አንድ ግድግዳ ከጨረሰ በኋላ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ፤ "ሚጣ፣ ያስታውቃል?"

"ኧረ ምንም" አልኩት።

በየዓመቱ ይጠይቃል። በየዓመቱ ኧረ ምንም። እሱም አመነኝ። ግንበኛ መስታወት ፊት አይሠራም።

ሮቦቱ ሥራ የጀመረ ዕለት ጋሼ ፊት ለፊቱ ቆሞ ነበር። አሥር ጡብ ያህል አየ። የራስ ቁሩን አውልቆ ጠረጴዛ ላይ አኖረና ወጣ። በዚያው ቀረ። ሰዉ ሁሉ በማሽኑ ቀንቶ ነው አለ። እኔም እንደዚያ መስሎኝ በስልክ "ሥራህን ማን ይነካብሃል?" አልኩት። ዘጋው።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ልብስ አጠብኩ። ዝናብ መጣ፣ መልሼ አስገባሁ። አልደወልኩም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ሁለት ተጨማሪ ሮቦቶች ገቡ። ዓርብ ጠዋት የጋሼ እንቅስቃሴ ወደ ሁለቱም ይገለበጣል። ኢንጂነሯ ራሷ መጥታ ነገረችኝ፤ የምሥራች ያመጣችልኝ መስሏት። "የወንድምሽ እጅ ሦስት ሊሆን ነው፣ ደስ አይልም?" አለች።

ይላል አልኩ።

ብናገር ዙሯን ያጠፏታል። ዙሯ ከጠፋች ምን ይቀረኛል? በቀን ስድስት መቶ ጊዜ የማየው እሱን ነው። አንዳንዴ ክንዱ ሲዞር ዓይኔን እከድናለሁ። ጡቡ ሲያርፍ "በል" የሚለኝን እጠብቃለሁ። የማይመጣ መሆኑን እያወቅሁ... ሰው ብረት ይናፍቃል?

ዝም ብል ደግሞ፣ ሰብሬው ስብራቱን በሦስት ላባዛው ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ነገርኳት። በምሳ ሰዓት፣ ሳንቃውን ጭምር።

ዳቦዋን አስቀመጠች። "ስለዚህ ስምንት ወር ሙሉ ስናደንቅ የነበረው የተሰበረ እጅ ነው?" አለች። አዎ አልኩ። የክሬኑ ሰው አጠገባችን ነበር። "በሉ እንግዲህ፣ ሙሽራው ወጌሻ ይጠራለት" አለ። የሳቀለት የለም። ለራሱም ደስ አላለውም መሰለኝ፣ ሻዩን ይዞ ወጣ።

በኮምፒውተር ማቃናት የግማሽ ቀን ሥራ ነው አለች። ቆይታ ግን ጠየቀችኝ፤ "እሱ ያውቃል? እጁ እንዲህ እንደሚዞር?"

ለነገ ፈቃድ ጠየቅኋት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ከሥራ አስፈቅጄ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ሁለት አውቶቡስ።

ሚስቱ በሩን ከፍታ ወደ ጓሮ በአገጯ አሳየችኝ። ጡብ እየደረደረ ነበር። በግራ እጁ። ወገብ የምታህል ግድግዳ፤ ሆዷ የተነፋ፣ መስመሯ የተንጋደደ። ያ በዓይኑ ብቻ ከውሃ ልክ እኩል የሚለካ ሰው። ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው።

"አፍርሼ ስሠራት አራተኛዬ ነው" አለ፣ ሰላም ሳይለኝ።

ቆሜ ተናገርኩ። ሳንቃውን እንደሳብኩ። የወረደ መስሎኝ እንደሆነ። አንገቴን እንደደፋሁ ጨረስኩ።

"ሳንቃውንማ ስትስቢው አይቼሻለሁ" አለ። "ያንን የዚያኑ ዕለት ረስቼዋለሁ።"

ታዲያ ለምን ሄድክ? አልኩት።

ጡብ አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው።

"ያስታውቃል ወይ ስልሽ ኖርኩ። ካንቺ ነበር መስማት ያለብኝ፣ ሚጣ። ከብረት ሰማሁት። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ አንገት የሌለው ብረት እየዞረ ሲያሳየኝ... ለካ አሥራ ሁለት ዓመት ሰው ሁሉ የሚያየውን እኔ ብቻ ነኝ ያላየሁት።"

"ያስታውቃል" አልኩት። "ከሩቅ ያስታውቃል፣ ጋሼ። ግድግዳህ ላይ ግን አይታወቅም።"

ግድግዳዋን በዓይኑ ለካት። ከዚያ ስለ ዓርብ ነገርኩት፤ ኢንጂነሯ ልታቃናው እንደምትችል፣ ካልሆነ እንዳለ እንደሚገለበጥ።

"እኔ ሳላየው እንዳትነካው በያት። ይቅና አይቅና የምለው እኔ ነኝ። እጁ የኔ ነው።"

ትመጣለህ? አልኩት።

"አልመጣም አላልኩም።"

ስወጣ አልሸኘኝም። ግን ቀኝ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

መልእክቱን ለኢንጂነሯ አደረስኩ። ሮቦቱን አላስነሳችውም። ከሰዓት በኋላ ያለቁትን የግድግዳ ክፍሎች በቱምቢ ስትለካ ዋለች። ጠብታ ያህል የጠመመ አላገኘችም።

አሥር ሰዓት ላይ የጋሼ ሚስት ደወለች። የሥራ ጫማውን አልጋ ሥር እንዳገኘችው፣ ጭቃውን እንዳራገፈችው ነገረችኝ። ማን ፈልጊ እንዳላት አልጠየቅሁም።

ኢንጂነሯ ነገ እስከ ሦስት ሰዓት ትጠብቀዋለች። ካልመጣ እንዳለ መገልበጡ ይጀመራል።