ባሌ ያስጠናኝ ቃለ መጠይቅ

ይድረስ ቀርቀና ደሴት ላይ ለምትኖሪው ታላቅ እህቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ሰሞኑን ባሕሩ ተቆጥቷል ሲሉ ሰምቼ ስለ ባልሽ ጀልባ ስጨነቅ ከረምኩ። እኛ እዚህ ስፋክስ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ቤታችን ጠባብ ስለሆነ ነው፤ የማወራውን ሁሉ ኖፈል ይሰማል።

ባሌን ኖፈልን እንደጠረጠርኩት ጽፌልሽ ኪሱን ፈትሺ ብለሽኝ ነበር። ፈተሽኩ፤ ምንም የለም። ጥርጣሬው ግን አልለቀቀኝም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ፋርማሲ ልቀጠር ስለው ሳምንት ሙሉ አኩርፎኝ አልነበር? ያው ሰው ባለፈው ወር የሥራ ማስታወቂያ ይዞልኝ መጣ። አንድ ድርጅት ለሄልፕ ዴስክ ጀማሪ ይፈልጋል፤ ኮምፒውተር አስቸግሯቸው የሚደውሉ ሰዎችን አነጋግሮ የሚረዳ። ዲፕሎማሽ ሳጥን ውስጥ ከሚሻግት ተመዝገቢ አለኝ። ተመዘገብኩ፤ ለቃለ መጠይቅም ጠሩኝ።

ከዚያ ማስጠናት ጀመረ። ማዕድ ቤት ጀርባውን ሰጥቶኝ ይቀመጥና ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ የተናደደ ደንበኛ ይሆናል። “ሴትዮ፣ ኮምፒውተሬ ሞቷል፤ አንቺ ሰላምታ ታበዣለሽ” ይለኛል። አንድ ቀን ገመዱ መሰካቱን አይተዋል ወይ ብዬ ብጠይቀው ዞሮ አየኝ።

“እንደሱ አትበይ። ሰውየውን ደደብ ነህ ማለትሽ ነው። ነቅለው መልሰው ይሰኩልኝ በይው፤ ሳያፍር ራሱ ያየዋል።”

የሚፈትኑት ሦስት መሆናቸውን፣ በስተግራ የምትቀመጠው መነጽራም ሴት ፈገግ ሳትል እንደምትጽፍ፣ የማታውቂውን አውቃለሁ ካልሽ እንደምትይዝሽ ሁሉ ነገረኝ። ከየት አወቅህ ስለው የሥራ ባልደረባው ወንድም ተፈትኖ እንደነበር አወራኝ። የባልደረባውን ስም ስጠይቀው ተነሥቶ ውሃ ጠጣ።

ልብ በይ፣ ይህ ሁሉ ሲሆን የፋብሪካ ቱታውን ሳጥብ ውሃውን ያጠቁረው የነበረው የማሽን ዘይት የለም። ፋብሪካ የዋለ ሰው ልብስ እንዴት እንዲህ ይነጣል? ሌላ ሴት ቤት ይውላል አልኩ። ፈትቶኝ ሲሄድ ሕሊናው እንዳይወቅሰው እንጀራዬን እያበጀልኝ ነው አልኩ። እያጠናሁ ጠላሁት።

የቃለ መጠይቁ ዕለት በር ላይ ጥበቃው የእንግዶች መዝገብ ሰጠኝ። ስሜን የምጽፍበትን ገጽ ፍለጋ ስገልጥ የኖፈልን የእጅ ጽሑፍ አየሁ። ተሳስቼ እንዳይሆን ደግሜ አነበብኩት። ቀኑ ማስታወቂያውን ካመጣልኝ ቀን በፊት ነው። ሰዓቱ ጠዋት አራት፤ ፋብሪካ ነኝ በሚለኝ ሰዓት። ጉዳይ በሚለው ቦታ “ቃለ መጠይቅ፣ ሄልፕ ዴስክ” ብሎ ሞልቷል። ቱታው ለምን እንደነጣ ያኔ ገባኝ።

ጥበቃው አመመሽ እንዴ አለኝ። አላመመኝም አልኩት። በአባታችን ስም ፈርሜ ገባሁ፤ የማን ሚስት እንደሆንኩ ማንም አላወቀም።

ሦስቱም ተቀምጠው ነበር። እሱ ያለኝን ሁሉ ጠየቁኝ፣ እሱ ያለኝን ሁሉ መለስኩ። በመጨረሻ መነጽራሟ የተናደደ ሰው ሲሰድብሽ ምን ታደርጊያለሽ አለችኝ። ስድቡ የኔ አይደለም፣ የተበላሸበት ነገር ነው የሚያናግረው፣ እስኪጨርስ እሰማዋለሁ አልኳት። ይህን ኖፈል አላስጠናኝም፤ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ሳቀች።

ቤት ስገባ ኖፈል ድንች ይልጣል። እንዴት ሆነ አለኝ፤ ጥሩ ነው አልኩት።

“ሴትዮዋ ሳቀች?”

“ሳቀች።”

ቢላዋውን አስቀመጠ። “ለኔ...” ብሎ ቆመ። “ለባልደረባዬ ወንድም እንኳ አልሳቀችም አሉ።”

አስቸጋሪ ሴት ናት አልኩት። ድንቹን ተቀብዬው መላጥ ጀመርኩ።

ትናንት ደውለው ተቀብለንሻል፣ ሰኞ ጀምሪ አሉኝ። ስነግረው ግንባሬን ሳመኝና መታጠቢያ ቤት ገብቶ ብዙ ቆየ።

እህቴ፣ ለበዓሉ ስትደውዪ ሥራ እንዴት ነው ብለሽ እንዳትጠይቂው። አደራ። ስለኔ ሥራ ጠይቂው፤ እሱ ነው ያስጠናኝ። ሊነግርሽ የፈለገ ቀን ራሱ ይነግርሻል፤ እኔንም እንደዚያው።

ዛሬ ጠዋት ቱታውን ለብሶ ሲወጣ ንፋሱ ከባሕር በኩል ኃይለኛ ነበር። የት እንደሚውል አልጠየቅኩትም። ወፍራሙን ሹራብ ከውስጥ አስለበስኩት።

አላህ ጉልበትሽን ያበርታልሽ፤ ጀልባችሁንም በሰላም ይመልስላችሁ።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ