አባቴን ከመምህርነት ያወረድኩበት ሰንጠረዥ

ዓርብ
እኔ ቃልኪዳን፣ ማንም ሳያስገድደኝ እናዘዛለሁ፦ ዛሬ የግቢያችንን አሥር አዋቂዎች ስለ ሥራቸው ስጠይቅ «መልሳችሁ ውጭ አገር ይላካል» ብያለሁ። ውሸት ነው። የሚላከው ለአስተማሪያችን ለሞአሊም ጃማ ነው። የቤት ሥራው የሀርጌሳን ሐበሾች አገር ቤት ካሉት ጋር በሥራና በኑሮ ደረጃ ማወዳደር ነው። የአገር ቤቱ ቁጥር መጽሐፋችን ላይ አለ፤ የዚህኛውን እኔ ልሰብስብ።

ጋሽ ታፈሰ፣ የመጋዘን ዘበኛው፦ «የመቶ አለቃ።»
እትዬ ዘነቡ፣ ሰው ቤት የሚያበስሉት፦ «ነጋዴ።»
አባዬ፣ ግንበኛው፦ «መምህር።»

ሁሉም የድሮ ሥራቸውን ነው የሚነግሩኝ። «የአሁኑማ ጊዜያዊ ነው፣ ልጄ» አሉኝ ጋሽ ታፈሰ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጊዜያዊ!

ቅዳሜ
በእኔ ሰንጠረዥ የሀርጌሳዎቹ ከአገር ቤቶቹ እጅግ በልጠው ተገኙ። አንድም የጉልበት ሠራተኛ የለንም። ሞአሊም ጃማ አይተው ሳቁ። «ታዲያ 31 ሜይ ሰፈር ያለውን ፎቅ ሁሉ የመቶ አለቆች ናቸው የገነቡት?» ክፍሉ ተንከተከተ።

«ባለፉት ሰባት ቀናት ምን ሠሩ?» ብለሽ ጠይቂ አሉኝ። ሁሉም በአንድ መስፈሪያ ካልተሰፈረ ማወዳደር የለም። ሰኞ ወላጆች ሲመጡ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።

ወላጆች። አባዬም።

እሑድ
«ጋሽ ታፈሰ፣ ባለፉት ሰባት ቀናት ስንት ወታደር አዘዙ?»
«ሂጂ ወዲያ፣ ምላሳም!» ግን «ጥበቃ» አስጻፉ። እትዬ ዘነቡ በጆሮዬ ነገሩኝ፣ የሚያበስሉት ወጥ እንዳይሰማ ይመስል።

አባዬን መጠየቅ አቃተኝ። ሰፈሩ እስካሁን «መምህር» ነው የሚለው፤ ሲጠሩት ትከሻው ቀና ይላል። ማታ ሲገባ ጥፍሩ ሥር ሲሚንቶ አየሁ። «መምህር»ን በላጲስ አጠፋሁና «ግንበኛ» ጻፍኩ። ደረጃ፦ ዝቅተኛ፣ ከቀን ሠራተኞች ጋር።

እራት አልበላልኝም። ያውም ፓስታ ነበር።

ሰኞ
ከትምህርት ቤቱ የውኃ በርሜል ጀርባ ተደብቄ ነው የምጽፈው። አባዬ የክት ሸሚዙን ለብሶ ሰንጠረዤ ፊት ቆሟል። ጣቱ እየወረደ ነው። እሱ መስመር ላይ ደረሰ። ቆመ።

እስክሪብቶ አወጣ።

«ሞአሊም፣ ይሄ ስህተት ነው!»

አለቀልኝ።

«ግንበኛን ከቀን ሠራተኛ ጋር ማን ደባለቀው? ቀን ሠራተኛ ያቀብላል። ግንበኛ ቱንቢ ይጥላል፣ ውኃ ልክ ያያል። ባለሙያ ነው! የትም አገር ሂዱ፣ ለየብቻ ነው የሚቆጠሩት።»

ሞአሊም ጃማ «ልክ ነዎት» አሉ። ሞአሊም ጃማ! እኛን አንድ ቀን እንኳ ልክ ናችሁ ብለውን አያውቁም።

አባዬ «ዝቅተኛ»ን ሰርዞ «ባለሙያ» ጻፈ። «ግንበኛ» የሚለውን አልነካውም። እፎይ! ደግሞ አንገቱን ዘንበል አድርጎ እንደገና አነበበና ከግርጌው ማርክ ሰጠኝ። ከአሥር ሰባት። በቀይ! ቀይ እስክሪብቶ ኪሱ ይዞ ነው ለካ የሚዞረው።

ሳቄ አመለጠኝ።

«ቃልኪዳን ደረጀ!» አለ አባዬ። «ነይ ውጪ፣ ሦስቱ የት እንደሄደ ላሳይሽ።»