በአንድ መስመር ስላለቀው የእህቴ ኩላሊት

ለተከበሩ የፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ኃላፊ
ካምፓላ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እርስዎም ባልደረቦችዎም ደህና እንድትሆኑ፣ በተለይም ሁለቱም ኩላሊቶቻችሁ በየቦታቸው እንዲሰነብቱ አላህን እለምናለሁ። እኔ እዚሁ ካባላጋላ ሰፈር ውስጥ የበርበሬና የሽሮ ሱቅ ያለኝ፣ ሱሩር የምባል የወሎ ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው በመስኮታችሁ በኩል በሹክሹክታ የሚነገር ነገር መዘዝ እንዳለው ዘግይቼም ቢሆን ስለተማርኩ ነው።

ጉዳዩ የታላቅ እህቴ የሙህሲና ነው። ከስምንት ወር በፊት ግራ ኩላሊቷ ከነዕጢው በቀዶ ጥገና ወጥቶ ለምርመራ ወደ እናንተ ተላከ። ለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቁጥብነታችሁ አመሰግናለሁ። ኮሪደራችሁ ግድግዳ ላይ በመስታወት ተከብሮ የተሰቀለ፣ የኩላሊት ካንሰር ውጤት ሁሉ የሚሞላበት አንድ ወጥ ቅጽ አይቻለሁ። የዕጢው ዓይነት፣ ከአንድ እስከ አራት የሚሰጠው ደረጃ፣ ስፋቱ በሴንቲሜትር፣ ወደ ደም ሥሩና በዙሪያው ወዳለው ስብ መግባት አለመግባቱ፣ የተቆረጠበት ጠርዝ ንጹሕ መሆን አለመሆኑ፣ ለሁሉም ቦታ ቦታ አለው። ለእህቴ የደረሳት ግን «የኩላሊት እባጭ፤ በቀዶ ጥገና ወጥቷል» የሚል አንድ መስመርና ከመስመሩ የሚበልጥ ማኅተም ነው። መውጣቱንማ ጠባሳዋም ይናገር ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ታዛዥነታችሁ አመሰግናለሁ። እዚህ ላይ ፊቴ ይቀላል፤ ግን ጀምሬዋለሁና ልጨርሰው። ውጤቱን ልወስድ የመጣሁ ቀን የመጀመሪያው ወረቀት ሙሉ ነበር፤ ጸሐፊያችሁም ካንሰር መሆኑን በቃል ነገሩኝ። እኛ ዘንድ ደግሞ እንዲህ ያለው ነገር ለታማሚ አይነገርም፤ ዘመድ ይሸከመዋል እንጂ። ለሙህሲና ጠጠር ነው ብለናት ነበር። ችግሩ፣ የሰፈሩ ሐበሻ ሁሉ የሐኪም ወረቀቱን ይዞ «ምን ይላል?» እያለ የሚመጣው እንግሊዝኛ አንባቢዋ እሷው ዘንድ ነው። ስለዚህ በመስኮቱ ጎንበስ ብዬ ያንን ክፉ ቃል፣ ቃሉን ከሚያሳብቁት ቁጥሮች ጋር እንዲያስቀሩልኝ ለመንኳቸው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አጭሩን ወረቀት ከነፊርማው አመጡልኝ። «ይህ እኮ የሐኪም መረጃ ነው፤ ለዘመድ ተብሎ አይቀነስም» ብሎ የገሠጸኝ አንድ ሰው አልነበረም። እህቴን ያዳንኳት መስሎኝ ቦዳ ሞተር ላይ ስወጣ ደስ ብሎኝ ነበር። አፈር ልብላ!

ባለፈው ሳምንት ሳሏ አልቆም ሲል ሌላ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ቀዶ ጥገናውን ያደረገላት ሐኪም ኮንትራቱን ጨርሶ አገሩ ስለገባ በእጃችን ያለው የእናንተ ወረቀት ብቻ ነበር። አዲሱ ሐኪም ሳንባዋ ላይ ያየውን ነጠብጣብ ካሳየን በኋላ፣ የትኛውን መድኃኒት እንደሚጀምርላት ለመወሰን የዕጢውን ዓይነት፣ ደረጃውን፣ ጠርዙን ጠየቀ። ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን ሁሉ አየ። ሙህሲና ከእጁ ተቀብላ አነበበችውና ወደ እኔ ዞረች።

«ከእኔ መደበቅህን ካወቅሁ ቆይቷል፤ አንጀትህ አልችል ብሎ ነው ብዬ ዝም አልኩህ። ከሐኪሙ ግን ለምን ደበቅህ?»

ለዚህ መሥሪያ ቤታችሁ መልስ ካለው ቢያውሰኝ ውለታውን አልረሳም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ሰው የሰው በሽታ ደበቅሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ጽዳታችሁ አመሰግናለሁ። በማግስቱ ሮጬ ብመጣ፣ የመጀመሪያው ውጤት በአጭሩ ስለተተካ ከኮምፒውተሩ እንደጠፋ በትሕትና ተነገረኝ። በሰም ውስጥ የተቀመጠው የዕጢው ቁራጭ ግን «ይፈለጋል» ተባልኩ። ስድስት ቀን ሆነው። ክቡርነትዎን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቁራጩ ተፈልጎ እንደገና ይታይ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ቅጽም ከመስታወቱ ወጥቶ ከላይ እስከ ታች ይሞላ። ደረጃው አራትም ቢሆን አራት ብላችሁ ጻፉልን። ሐኪሙ እየጠበቀ ነው፤ እሷም እየሳለች ነው።

ለጠየቃችሁት ሁሉ እሺ የምትሉትን ያህል፣ ላልተጠየቃችሁትም እውነት እንድትቆሙ እየተመኘሁ፣ አንገቴን እንደደፋሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የጥፋታችሁ ተባባሪ
ሱሩር፣ ከካባላጋላ

ማሳሰቢያ፦ አዲሱን ውጤት በስሟ አሽጋችሁ በራሷ እጅ ስጡልኝ። ወንድሟ ነኝ የሚል ሰው መስኮታችሁ ላይ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ቢለምናችሁ ግን፣ በአላህ ይዣችኋለሁ፣ አትስሙት፤ እኔ ልሆን እችላለሁ።