መጽሐፉን የጣለው ንጉሥ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 20፣ ምሳ ሰዓት

ደብተሬ፣ ዘጠኝ ክፍል አጸዳሁ፣ ወገቤ የለም። ሆቴሉ ጢም ብሏል። ቢሆንም ደስ ብሎኛል፤ የእሁዱ ንግግሬ አለቀ! በቤ/ክ የሚስዮን ወር ነው፤ ለኔ የደረሰኝ ወንጌል ደቡብ አሜሪካ እንዴት ገባ የሚለው ነው። ስፔኖች መጡ፣ ቄሳቸው ፔሩን ለሚገዛው ለኢንካው ንጉሥ መጽሐፍ ሰጠው፣ ንጉሡ መሬት ላይ ጣለው፣ እዚያው ተማረከ። መዝጊያዬ፦ ቃሉን የጣለ መንግሥት ወደቀ። የሚስዮን ኃላፊው ሽማግሌ፣ ጋሽ ተስፋዬ፣ በስልክ ሳነብላቸው ሁለቴ አሜን አሉ።

ኒልዳንም ጋበዝኳት። አንሶላ አብራኝ የምታጥፍ የፔሩ ሴት፣ እሷም ጌታን የተቀበለች። የአገርሽ ታሪክ ነው፣ ነይ አልኳት። እሺ አለች።

ማክሰኞ፣ ኦክቶ. 21

ወይ እኔ! ጎሽ ትለኛለች ብዬ መዝጊያዬን ነገርኳት። የያዘችውን የአንሶላ ጫፍ ለቀቀችው።

ከዚያ ነገረችኝ። የእናቷ ቋንቋ ኬችዋ ነው፣ የኢንካዎቹ። መንደራቸው በየዓመቱ የንጉሡን መማረክ በጭፈራና በተውኔት ያሳያል። ንጉሡን የሚሆነው አባቷ ነው። መጽሐፉ ይናገራል ሲሉት ጆሮው ላይ ያደርገዋል፣ ምንም አይሰማም፣ ይጥለዋል። መጽሐፍ አይቶ አያውቅማ! ከዚያ ተኩስ። የመንደሩ ሴቶች የእውነት ያለቅሳሉ።

እኔ መጽሐፍ በሁለት እጅ ተቀብሎ መሳም የለመድኩት ሰውየውን ደፋር አደረግሁት። እሱን ማን ሳም ብሎ አስተማረው?

ሐሙስ፣ ከሥራ በኋላ

ሰፈሬ ሌክ ሲቲ፣ ላይብረሪ። አነበብኩ፣ ደሜ ፈላ። ንጉሡ ክፍል ሙሉ ወርቅ ልስጣችሁና ልቀቁኝ አላቸው። ሰጠ። ገደሉት። በእሳት ሊያቃጥሉት ፈርደው፣ ተጠመቅና እሳቱን እናስቀርልሃለን ብለው አጥምቀው አነቁት። ጥምቀት! ፈንጣጣው ከነሱ ቀድሞ አገሩን ፈጅቷል። የተረፈውን ሕዝብ ብር ቁፋሮ ጉድጓድ ውስጥ ከተቱት። እኔ ይህን ሁሉ በአንድ መፈክር ዘጋሁት። አፈርኩ።

ዓርብ፣ ኦክቶ. 24

ጋሽ ተ.ን ኮል አደረግኩ። መዝጊያውን ቀይሬዋለሁ አልኳቸው። አይ ልጄ፣ ያቺን አትንኪያት፣ ሕዝቡ የሚባረከው በሷ ነው አሉ። ገዳዮቹ መስቀል ይዘው ነበር እኮ አልኩ። እሁድ እንግዳ አለ፣ እንዲህ ያለው አይነሳም አሉ። እንግዳዋማ ኒልዳ ናት! ጸልዪበት ብለው ዘጉ።

አሞኛል ብዬ ልቅር? ለኒልዳ ተሰርዟል ብዬ ልዋሽ? አይ፣ ካፈርኩ አይመልሰኝማ አልልም። ጌታን እወዳለሁ፤ በስሙ የተሠራን ግፍ በረከት ብዬ አልሰብክም። አለቀ።

እሁድ፣ ኦክቶ. 26፣ መዝሙር ላይ

ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው። ጠዋት በር ላይ ለጋሽ ተ. ነገርኳቸው፦ የማነበው አዲሱን ነው፣ ካልሆነ ከፕሮግራሙ ያውጡኝ። ትተውኝ ገቡ። አላወጡኝም። አሁን ከፊት ተቀምጠዋል፣ ዞር አይሉም።

ኒልዳ መጥታለች። ልጄ አጠገቧ ሆና በእንግሊዝኛ ልትተረጉምላት ነው፤ ወረቀቱን አንብባ፣ ማም፣ አር ዩ ሹር? አለችኝ። ሹር ነኝ። መጀመሪያ ኒልዳን በስሟ ጠርቼ፣ ሁሉም እየሰማ፣ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ከዚያ የንጉሡን ታሪክ አባቷ በተውኔቱ እንደሚያሳየው አድርጌ እናገራለሁ። ስሜን ጠሩ።